የፋሲል ግቢ ጉብኝት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጎንደር እንግዳ በመጣብኝ ቁጥር የምመልሳቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)።

ፋሲል ግቢ አንድ ግንብ ነው?

አይደለም። በድሮው 50 ብር ጀርባ ላይ የነበረው፣ አራት ማዕዘኑ ላይ ክብ ማማ ያለው ግንብ የአፄ ፋሲል ነው። ሰው እሱን ብቻ ስለሚያውቅ ሌላ ያለ አይመስለውም። ግቢው ግን ወደ 7 ሄክታር ይሆናል። ዙሪያውን 900 ሜትር ገደማ የድንጋይ አጥር ይዞታል። ውስጡ የበርካታ ነገሥታት ግንቦች፣ አዳራሾች፣ ቤተ መጻሕፍት፣ መታጠቢያ ቤት፣ የፈረስ ጋጣና የአንበሳ ቤት አሉ። በመሃል ሣርና ዛፍ ነው፤ በሣሩ መሃል የእግር መንገድ ይሄዳል።

አፄ ፋሲል ጎንደርን የቆረቆሩት በ1636 ገደማ ነው። ከእሳቸው በኋላ የመጡት በአባታቸው ቤት መኖር አልወደዱም። አንዱ ሲነግሥ ከቀድሞው ቤት ጎን የራሱን ይሠራል። ስለዚህ ግቢው አንድ ሰው አቅዶ የሠራው ሳይሆን ከመቶ ዓመት በላይ ሲጨመርበት የኖረ ነው። ዩኔስኮም በ1979 የመዘገበው አንዱን ግንብ ለይቶ ሳይሆን ግቢውን በሙሉ፣ ከከተማው ሌሎች የዘመኑ ሕንፃዎች ጋር ነው።

እንዴት እደርሳለሁ? መንገዱስ?

ግቢው ከተማው መሃል ነው። ፒያሳ ከደረሳችሁ ደርሳችኋል። ካልሆነም ለባጃጅ «ጃን ተከል» በሉት፣ ይበቃል። ጃን ተከል ማለት ያ ትልቁ ዋርካ ያለበት አደባባይ ነው።

ስለ መንገዱ ደህንነት ብዙ ሰው ይጠይቀኛል፣ መጠየቁም ልክ ነው። ሁኔታው ከሳምንት ሳምንት ስለሚለያይ እዚህ የምጽፈው መልስ ነገ ያረጃል። በመኪና ለመምጣት ያሰበ ሰው፣ መንገዱን በዚያው ሳምንት የሄደበት ሰው ፈልጎ ይጠይቅ። በአውሮፕላን ከሆነ ከአዲስ አበባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። አውሮፕላን ማረፊያው አዘዞ በኩል ነው፤ ከዚያ ታክሲ አለ።

ስንት ሰዓት ይበቃኛል?

ቢያንስ ሁለት ሰዓት ስጡት። አንድ ዘመዴ ከውጭ መጥቶ በ25 ደቂቃ ጨርሶ ወጣ። የአፄ ፋሲልን ግንብ አየ፣ ፎቶ ተነሣ፣ «ቆንጆ ነው» አለ፣ ቡና ፍለጋ ሄደ። ማታ ስለ ምንትዋብ ግንብ ስናወራ «እሱ ደግሞ የት ነው?» አለኝ። ከቆመበት የአምስት ደቂቃ መንገድ ነበር።

ርቀቱ አጭር ስለሆነ ሰው ይሸወዳል። ከአጥሩ አንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ሳይቆሙ ከተጓዙ ወዲያው ያልቃል። ጊዜ የሚወስደው ደረጃ መውጣቱ፣ በመስኮት መመልከቱና ጥላ ሥር አረፍ ማለቱ ነው።

ከየት ልጀምር?

በአነጋገሥ ቅደም ተከተል ሂዱ። መሬቱም ያግዛችኋል፤ አሮጌው በደቡብ በኩል ነው፣ የመጨረሻው በሰሜን ጫፍ።

መጀመሪያ የአፄ ፋሲል ግንብ። ምድር ቤቱ የግብር ማብያና የእንግዳ መቀበያ ነበር ይላሉ። ከላይ ካለው ሰገነት ንጉሡ ለሕዝብ ይናገሩ ነበር። አየሩ የጠራ ቀን ከላይኛው ማማ ጣና ይታያል፤ ወደ ላይ መውጣት የተፈቀደ መሆኑን ግን በዕለቱ ጠይቁ። ቀጥሎ የልጃቸው የአፄ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍትና ጽሕፈት ቤት ይመጣል። አፄ ዮሐንስ ጻድቁ የነገሡት ከ1667 እስከ 1682 ነው። ቤተ መጻሕፍቱ በጣሊያን ጊዜ ተጠግኖ ስለተለሰነ ከሌሎቹ ይልቅ «አዲስ» ይመስላል።

ከዚያ የታላቁ ኢያሱ ቤት። እኔ ከሁሉ የምወደው ይኼን ነው። ጣሪያው ወድቋል፣ ግድግዳው ግን ቆሟል። በዘመኑ በዝሆን ጥርስ፣ በወርቅና ከቬኒስ በመጣ መስታወት ያጌጠ ነበር ይባላል። አሁን ውስጡ ቆማችሁ ቀና ስትሉ የምታዩት ሰማይ ነው። አፄ ኢያሱ በ1706 ተገደሉ፤ ያስገደሏቸው ደግሞ የገዛ ልጃቸው ተክለ ሃይማኖት ናቸው። ቤቱ ውስጥ ቆሞ ይህን መስማት ሌላ ስሜት አለው።

ወደ ሰሜን ስትቀጥሉ የአፄ ዳዊት የዘፈን አዳራሽ አለ። አፄ ዳዊት ሦስተኛው አምስት ዓመት ብቻ ነግሠው በ1721 ሞቱ፤ መርዝ ነው ይባላል። ቀጥሎ የአፄ በካፋ አዳራሽና የፈረስ ጋጣ። በካፋ ልብስ ቀይረው ሕዝቡ መሃል ይዘዋወሩ ነበር፣ የበካፋ ወሬ ተወርቶ አያልቅም። አንዱ ወሬ እንዲህ ነው፦ ማንነታቸውን ሰውረው ቋራ ሲሄዱ ታመሙ፤ የአንድ ባላገር ልጅ አስታመመቻቸው፤ ከዳኑ በኋላ አገቧት። እሷ ናት እቴጌ ምንትዋብ። በሰሜን ጫፍ ያለው ግንብ የእሷ ነው። ግቢው ውስጥ ከተሠሩት ታላላቅ ግንቦች የመጨረሻው ነው ማለት ይቻላል። በ1769 የልጅ ልጇ አፄ ኢዮአስ ሲገደሉ ዘመነ መሳፍንት ገባ፤ ከዚያ ወዲያ ግንብ የሚሠራ ንጉሥ አልነበረም።

መቼ ልምጣ?

ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር። ዝናቡ አልፎ ሣሩ ገና አልደረቀም፣ አደይ አበባውም አለ። ሐምሌና ነሐሴ ድንጋዩ ያንሸራትታል፣ ከሰዓት ደግሞ ዝናብ አይቀርም። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ፀሐዩ ከበድ ይላል፤ ያኔ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ግቡ።

ጥምቀት ሌላ ነገር ነው። ለጥምቀት የሚመጣ ሰው ግቢውን ረጋ ብሎ አያየውም፣ አልጋም አያገኝም፣ ካገኘም ዋጋው ሌላ ነው። ለበዓሉ ከመጣችሁ ሁለት ቀን ቀደም በሉና ግቢውን በዚያ ጨርሱት። ለፎቶ የምትመጡ ደግሞ ከሰዓት ከ10 ሰዓት በኋላ ያለውን ብርሃን አትለፉት፤ ቡናማው ድንጋይ ያኔ ወርቅ ይሆናል።

መግቢያው ስንት ነው? ዳያስፖራ የሚከፍለውስ?

ዋጋው ስለሚቀያየር ቁጥር አልጽፍም። ለኢትዮጵያዊና ለውጭ ዜጋ የተለያየ ነው፣ ልዩነቱም ትንሽ አይደለም። መታወቂያ ያዙ። የውጭ ፓስፖርት ኖሯችሁ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ (ቢጫ ካርድ የሚባለው) ያላችሁ እሱን ይዛችሁ ኑና ሳትከፍሉ አሳዩ። «አማርኛዬን ሰምተው ያውቁኛል» ብሎ መተማመን አይሠራም። አንድ ወዳጄ ሞክሮት ሙሉውን የፈረንጅ ዋጋ ከፍሎ ገብቷል።

ደረሰኙን አትጣሉት። በዚያው ትኬት የፋሲል መዋኛንም ማየት የተለመደ ነው። ስትከፍሉ «መዋኛውንም ይጨምራል?» በሉ።

አስጎብኚ ያስፈልገኛል?

ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ አዎ። ግቢው ውስጥ ያለው ጽሑፍ ትንሽ ነው። ያለ ሰው ከገባችሁ የምታዩት ድንጋይ ነው፤ ከጥሩ አስጎብኚ ጋር ግን ማን እዚህ በላ፣ ማን እዚያ ተገደለ እያላችሁ ትሄዳላችሁ። በር ላይ ባጅ ያላቸውን ያዙ፣ ዋጋውንም ከመግባታችሁ በፊት ጨርሱ። በኋላ ፊት መጨማደድ ለማንም አይበጅም።

አንድ ምክር ልጨምር። አስጎብኚውን ስለ በሮቹ ጠይቁት። አጥሩ አሥራ ሁለት በሮች ነበሩት ይባላል፣ ስማቸው ብቻውን የግቢውን ኑሮ ይነግራል። ወምበር በር የዳኞች ነው። እምቢልታ በር የሙዚቀኞቹ። ባልደራስ በር የፈረሰኞቹ አለቃ። አደናገር በር የፈታዮቹ። ተዝካሮ በር ደግሞ ስሙ እንደሚለው የተዝካር። ሰው ሁሉ በአንድ በር አልገባም፤ በየሙያውና በየማዕረጉ ነበር። ብዙ ጎብኚ ይኼን ሳይሰማ ይወጣል፣ እኔን ያናድደኛል።

አያቴን ይዤ መምጣት እችላለሁ? ልጆችስ?

እናት አባቶችን ይዛችሁ ኑ፣ ግን አታስቸኩሏቸው። የእግር መንገዱ አንዳንድ ቦታ ጠጠር፣ አንዳንድ ቦታ ያልተስተካከለ ድንጋይ ነው። የግንቦቹ ደረጃ ከፍ ከፍ ይላል፣ መደገፊያ የሌለውም አለ። ጉልበት የሚያማቸው ከታች፣ ከዛፍ ጥላ ሥር ሆነው ቢያዩት ብዙ አይቀርባቸውም፤ ግንቦቹ ከውጭ ነው የሚያምሩት። በተሽከርካሪ ወንበር ግን ከባድ ነው፣ ውስጥ ለውስጥ መግባትም አይቻልም። ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች ከቆላ ወይም ከባሕር ጠረፍ አገር የመጣ ሰው የመጀመሪያው ቀን ቶሎ ይደክመዋል።

ልጆች ይወዱታል፣ በተለይ የአንበሳ ቤቶቹን። እጃቸውን ያዙ፤ አጥርና መከለያ የሌለው ከፍታ አለ። ጫማ ሸራ ወይም ሶሉ የሚይዝ ይሁን። በተረከዝ ጫማ ለሠርግ ፎቶ የሚመጡ ሙሽሮችን ሁሌ አያለሁ፣ እግዚአብሔር ይርዳቸው ከማለት ሌላ የምለው የለኝም።

የአንበሳ ቤቱ እውነት አንበሳ ነበረበት?

ነበረበት። አንበሳ ማርባት የነገሥታት ወግ ነው፣ «ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» የሚል ማዕረግ ላለው ዙፋን ይኼ አይገርምም። እዚህም እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ አንበሳ ይጠበቅ ነበር። የሰፈሩ አዛውንቶች ሌሊት ግሣቱን እየሰሙ ነው ያደጉት። አሁን ባዶ ነው።

ፎቶ ማንሣት ይቻላል? ድሮንስ?

በስልክና በተራ ካሜራ ችግር የለም። ለቪዲዮ ሥራ፣ ለክሊፕና ለማስታወቂያ አስቀድሞ ፈቃድና ክፍያ ይኖራል። ድሮን ያለ ፈቃድ አትሞክሩ። ከውጭ ይዞ የመጣ ሰው ገና ኤርፖርት ላይ ጉምሩክ ሊይዝበት ይችላል።

የፋሲል መዋኛ እዚሁ ግቢ ውስጥ ነው?

አይደለም፤ ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፣ ቀሃ ወንዝ አጠገብ። ባጃጅ ያደርሳችኋል። ዓመቱን ሙሉ ብዙ ጊዜ ውኃ የለውም፤ ለጥምቀት ነው ከቀሃ ተጠልፎ የሚሞላው። ውኃ የለም ብላችሁ ግን አትቅሩ። የዛፎቹ ሥር የድንጋይ አጥሩን እንደ እባብ ተጠምጥሞበታል፣ እሱን ማየት ብቻ ያስመጣል።

ጊዜ ካላችሁ በዚያው ቀን ደብረ ብርሃን ሥላሴን ጨምሩ፤ ጣሪያው ላይ የመላእክት ፊት ተደርድሮ ቁልቁል ያያችኋል። ነጠላ ያዙ፣ ጫማ ይወለቃል። የቁስቋም ደብርን ለነገ አቆዩት። እቴጌ ምንትዋብ ከከተማው ወጣ ብላ የሠራችው ነው፣ ከግቢው ይልቅ ጸጥ ያለ ነው። ጎንደር አርባ አራት ታቦት አላት ሲባል ሰምታችኋል፤ በአንድ ቀን ልጨርስ አትበሉ።

ግንቡን የሠሩት ፖርቱጋሎች ናቸው?

ይኼ ጥያቄ ሁልጊዜ ክርክር ያስነሣል። አጭሩ መልስ፦ ዘመኑ አይገጥምም። አፄ ፋሲል አባታቸው አፄ ሱስንዮስ ያስገቡትን የካቶሊክ እምነት ሽረው ኢየሱሳውያኑን (ከፖርቱጋሎች ጋር የመጡትን የካቶሊክ ሰባኪዎች) ከአገር አስወጥተዋል። ጎንደርን የቆረቆሩት ከዚያ በኋላ ነው። ያባረሩትን ሰው ቤት ሥራልኝ ይላሉ ማለት ይከብዳል።

ረጅሙ መልስ ግን ትንሽ ይጣመማል። ኢየሱሳውያኑ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን በጎርጎራ በኩል በድንጋይ ሠርተዋል። በኖራ መገንባትን ከሕንድ የመጡ ባለሙያዎችም አምጥተዋል። ከዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ አፄ ሠርፀ ድንግል በእንፍራዝ የጉዛራን ግንብ አሠርተዋል። እሱን ያየ ሰው የፋሲል ግንብ ድንገት ከሰማይ እንዳልወረደ ይገባዋል። ግንበኝነቱን በተመለከተ የቤተ እስራኤልን እጅ መርሳት ነውር ነው። በጎንደር ዘመን ግንበኞች፣ አናጢዎችና ብረት ሠሪዎች ከእነሱ ብዙ ነበሩ። ዛሬ ከእስራኤል የሚመጡ ጎብኚዎች ግድግዳውን በእጃቸው እየዳሰሱ ሲያልፉ አይቻለሁ። ከጎንደር ወጣ ብላ ያለችው ወለቃም የእነሱ መንደር ነበረች።

እና ማን ሠራው? የጎንደር ነገሥታት አሠሩት፣ ከብዙ ቦታ የመጣ ጥበብ ያለው የአገር ሰው ሠራው። እኔ በዚህ እስማማለሁ፤ ያልተስማማ አስጎብኚ ካጋጠማችሁ ደግሞ ተከራከሩት፣ ጉብኝቱ ይደምቃል።

ታዲያ ማን አፈረሰው?

አንድ ጥፋተኛ የለም። በ1704 የመሬት መንቀጥቀጥ ነበር፤ የኢያሱ ቤት ያኔ ተጎድቷል። አፄ ቴዎድሮስ በ1866 ከተማዋን ዘርፈው አቃጥለዋል። ጎንደሬ ሆኖ ቴዎድሮስን ለሚወድ ሰው ይኼ የሚያስጨንቅ እውነት ነው፣ እውነትነቱ ግን አይቀርም። በ1888 ድርቡሾች ከሱዳን መጥተው አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠሉ። ከዚያ ጣሊያን ግቢውን የጦር ሰፈሩ አደረገው፤ እንግሊዝ በ1941 ጣሊያንን ለማስለቀቅ በአውሮፕላን ሲደበድብ ግንቦቹም ተመቱ። ጎንደር በምሥራቅ አፍሪካ የጣሊያን የመጨረሻ ይዞታ ነበረች፣ እጅ የሰጡት ኅዳር 1941 ነው። የቀረውን ዝናብና የዛፍ ሥር ይሠሩታል።

ገንዘብ ካለ ለምን ጣሪያውን መልሰው አይሠሩትም?

በቅርብ ዓመታት ግቢው ትልቅ እድሳት ተደርጎለታል። «እንደ ድሮው» መልሶ መሥራት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የኢያሱ ጣሪያ በዘመኑ ምን እንደሚመስል በትክክል ካልታወቀ አዲስ የሚለብሰው ጣሪያ የዛሬ ሰው ግምት ይሆናል። ጎብኚ ደግሞ ግምቱን የኢያሱ ነው ብሎ ፎቶ ያነሣዋል።

ሁለተኛው የኖራና የሲሚንቶ ጉዳይ ነው። አሮጌው ግንብ የተያያዘው በኖራ ነው። ኖራ እርጥበት ያስተነፍሳል፣ ግድግዳው ሲንቀሳቀስም ትንሽ ይታገሣል። ሲሚንቶ ደረቅ ነው፤ እርጥበቱን ውስጥ ያፍነውና ድንጋዩን ከጎን ይበላዋል። ስለዚህ ቶሎ የተሠራ ጥገና አንዳንዴ ከዝናቡ ይብሳል። አንድ ቦታ ላይ ኖራ እያበኩ ቀስ ብለው የሚሠሩ ሰዎች ካያችሁ «ምን ያንቀራፍፋቸዋል» አትበሉ።

የነገሥታቱ መቃብር ግቢው ውስጥ ነው?

ብዙ ሰው እንደዚያ ያስባል። አፄ ፋሲል ግን ያረፉት ጣና ላይ፣ ዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም ነው። አስከሬናቸው እስከ ዛሬ እዚያው በመስታወት ሣጥን ውስጥ አለ። ከባሕር ዳር በጀልባ ይኬዳል፤ ሴቶች ወደ ገዳሙ አይገቡም። የእቴጌ ምንትዋብ፣ የልጇ የአፄ ኢያሱ ሁለተኛውና የልጅ ልጇ የአፄ ኢዮአስ አፅም ደግሞ ቁስቋም ነው የሚታየው። አስቀድሜ ለነገ አቆዩት ያልኩት ለዚህም ነው።